ዞርኪ ወይ ፌድ ካሜራ ላላችሁ

የአባቱ ቁምሳጥን ውስጥ ዞርኪ 4 ወይ ፌድ 3 (የድሮ የሶቪየት ፊልም ካሜራዎች ናቸው) ያገኘ ሰው ካለ ይቺን ያዙልኝ፣ መጀመሪያ ፊልሙን አጠንጥኑ ከዛ ነው ስፒዱን (ብርሃን ፊልሙ ላይ የሚያርፍበትን ጊዜ) የምትቀይሩት፣ ሳታጠነጥኑ ካዞራችሁት ውስጡ ሊበላሽ ይችላል።

ሌላው የኔ ጉድ ነው። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ድረስ ወጥቼ ግማሽ ሮል ሌንሱ ላይ ክዳኑ እንዳለ አንስቼ ተመለስኩ! እንደነዚህ ባሉ ሬንጅፋይንደር ካሜራዎች ላይ የምታዩት በሌንሱ ሳይሆን ከላይ ባለችው መስኮት ስለሆነ ክዳኑ ተዘግቶም ሁሉ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ማን ይነግራችኋል። ግን ክዳኑን አትጣሉት፣ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው የሹተሩ መጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ሌንሱን ከፍታችሁ ፀሀይ ላይ ካነጣጠራችሁት እንደ ማጉያ መነፅር አቃጥሎ ይበሳዋል፣ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትሄዱም ዝጉት።

ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) ከሌላችሁ አይኤስኦ 200 ፊልም (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) በጠራራ ፀሀይ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 16 ስፒድ 1/250 ይበቃዋል፣ በኛ በጅማ ደመና ግን ወደ 8 አውርዱት፣ ሊዘንብ ሲያጉረመርም ወደ 5.6። ደግሞ ፎከስ ስታደርጉ በመስኮቷ የሚታየው ሁለቱ ምስል መሀል ላይ ገጥሞ አንድ ሲሆን ያለው ደስታ፣ ስልክ ላይ የት ይገኛል በናታችሁ