አገር በቀል ዕውቀትን ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ስናስገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

አፈርና ሰብል ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የገበሬውን ዕውቀት ወደ ክፍል ለማስገባት የሚሞክር ወጣት መምህር ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ያንኑ ስህተት ደጋግሜ ማየት አድክሞኛል። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ባለሙያዋን «መረጃ ሰጪ 7» ማድረግ

አንዲት ተማሪዬ ስለ እንሰት የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠራ ጉራጌ ሄደች። ጎበዝ ልጅ ናት። ሦስት ቀን አንዲት እናት ጓሮ ውስጥ ዋለች። እናትየዋ ከሃያ በላይ የእንሰት ዓይነት በስም በስም ጠሩላት። ይሄ ለቆጮ ነው፤ የዚህ አሚቾው (ተቀቅሎ የሚበላው ሥሩ) ይጣፍጣል፤ ያኛው አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይቀቀላል። የቅጠሉን መሐል ቀለም እያሳዩ እንዴት እንደሚለዩ አስተማሯት።

ጽሑፉ ሲያልቅ እኚህ ሴት «መረጃ ሰጪ 7» ተብለው ገቡ። እዚያው ገጽ ላይ ከውጭ የመጣ ተመራማሪ በሙሉ ስሙ ተጠቅሷል። አማካሪዋ እኔ ነበርኩ። አንብቤ ፈርሜበታለሁ።

አንድ ቅጂ ልንሰጣቸው ስንሄድ የልጅ ልጃቸው እያገላበጠ አነበበላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «እኔ የቱ ጋ ነኝ ልጄ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ስም የምንደብቀው ሰው እንዳይጎዳ ነው። የታማሚ ስም ይደበቃል። የባለሙያ ስም ግን ለምን? ዕውቀቱ የእርሳቸው ነው፤ እኛ ጻፍነው እንጂ አላገኘነውም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ጠይቋቸው፦ «ስምዎ ይጻፍ ወይስ ይቅር?» የሚሉትን አድርጉ። ይቅር ካሉም ይቅር። መልሱ የእርሳቸው ይሁን።

ክፍያውም እንዲሁ ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ክፍል መጥተው ሁለት ሰዓት አስተማሩልኝ። አበል ልጠይቅላቸው ፋይናንስ ስሄድ «የትምህርት ማስረጃቸው የታለ?» ተባልኩ። ዲግሪ ስለሌላቸው አልተከፈላቸውም። ያን ጊዜ ከኪሴ ሰጠሁ። አሁን ግን ከኪስ መስጠት መፍትሔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ፕሮፖዛል ስትጽፉ «የባለሙያ ክፍያ» ብላችሁ በጀት ያዙ። ቀድሞ ካልገባ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ሕግም አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ብዙ መምህር አላነበበውም። የጤፍን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ወስዶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚህ እንቆጣለን፤ ልክም ነን። ታዲያ የእናትየዋን ሃያ የእንሰት ስም ያለ ስማቸው ስናሳትም እኛስ ምን እያደረግን ነው?

የእንዶድን ታሪክ የማታስተምሩ የላችሁም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና የበሽታው ምርምር ከዚያ ተነሣ። ስሙን በክብር እንጠራለን፤ ይገባዋል። ግን ተማሪዎቻችሁን ስለ አጣቢዎቹም ጠይቋቸው። ማን አስተማራቸው? እንዴት ያዘጋጁታል? የቱ ይሻላል ይላሉ? አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይወጣዋል።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ምን አገባን?» ማለት

ትምህርታችንን ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ እናላቅ ሲባል የሥራ ባልደረቦቼ ይሄን ሲሉ እሰማለሁ። አልተገዛንም፤ እውነት ነው። ሐረርጌ ያለው የዓለማያ ግብርና ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) ግን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መምህራኑም ሥርዓቱም ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ የመጡ ነበሩ። ብዙ ጥሩ ነገር አምጥተዋል። የሐረርጌ ገበሬ ግን በመምህርነት አልተጠራም። ዛሬም አልተጠራም። ጥያቄው ይሄ ነው።

ቃሉን በር ላይ ማስቀረት

የአንደኛ ዓመት ተማሪን ስለ ቨርቲሶል ጠይቁት፤ ዝም ይላል። ስለ ዋልካ፣ ስለዚያው ጥቁር አፈር፣ ጠይቁት። ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ ሲርስ እግር ይዞ እንደማይለቅ፣ ውኃ እንደሚያቁር፣ ምን እንደሚዘራበት ይነግራችኋል። ያውቀዋል እኮ! እንግሊዝኛው ነው አፉን የያዘው። መጀመሪያ ዋልካ በሉ፣ ቨርቲሶል ቀጥሎ ይምጣ።

አንድ ዓመት ከማረሻ ተሻሽሎ የተሠራውን የሰፊ መደብ ማውጫ እያስተማርኩ ነበር። ዋልካ ላይ ውኃ እንዳይተኛ መደብና ቦይ ያወጣል። የምርምር ማዕከል የፈጠረው ነው አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኛ አገር፣ ሰሜን ሸዋ እነዋሪ፣ እናቴ መደቡን በእጇ ነው የምትሠራው» አለ። እውነቱን ነው። የእነዋሪ ሰው መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት መደቡን በእጅ እያወጣ ይዘራ ነበር። ልጁን ወደ ሰሌዳው ጠራሁትና ሥሎ አስረዳ። ያን ቀን የተማርኩት እኔ ነኝ።

የገበሬ ነገር ሁሉ ልክ ነው ብሎ ማመን

ይሄ የጀማሪ ፍቅር ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ተማሪውን ይጎዳል። የሰሜን ሸዋን ጓይ ውሰዱ። ደጋ ላይ አፈሩ ተከምሮ በኩበት እሳት ይቃጠላል። የመጀመሪያው የገብስ ምርት ያስደስታል። ከዚያ መሬቱ ይደክምና ለዓመታት ጦም ያድራል። ገበሬው ይሄን አሳምሮ ያውቃል፤ ጦም ማሳደሩ የዘዴው አካል ነው። ችግሩ የመጣው መሬት ሲጠብና ማሳደር ሲያቅት ነው። ስለዚህ «ኋላ ቀር ነው» አትበሉ፣ «የአባቶች ጥበብ ነው» ብላችሁም አትለፉት። አፈሩን ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ ለኩ፤ ገበሬውን ጠይቁ፤ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ።

አጫጭሮቹ

የባህል ልብስ ለብሶ ቡና ማፍላት ደስ ይላል፤ ኮርስ ግን አይደለም።

ገበሬን ሰኔና ሐምሌ አትጥሩ፤ እርሻ ላይ ነው።

አገር በቀል ሲባል የአንድ አካባቢ ብቻ አድርጋችሁ አትያዙት። ክፍላችሁ ውስጥ የኮንሶን እርከን፣ የቦረናን ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ፣ የጌዴኦን የቡናና የእንሰት ጥምር እርሻ ሲያይ ያደገ ልጅ ይኖራል። እስቲ ጠይቁት።

በምርጫ ጥያቄ መፈተን

ሙሉ ሴሚስተር ገበሬ ጠርታችሁ፣ ማሳ አስጎብኝታችሁ፣ መጨረሻ ላይ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው ቅኔውን ራሱ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ የኔታም እዚያው ያርሙታል። የትናንቱን መድገም አይቻልም፤ በየቀኑ አዲስ ነው። ሁለት መስመር ያላት ጉባኤ ቃናም ብትሆን የራሱ መሆን አለባት። በቃል ሸምድዶ ማምለጥ የለም።

እኔ አሁን ተማሪዎቼን ከየአገራቸው አንድ እፍኝ አፈር ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ። ስሙን በቤታቸው ቋንቋ ይናገራሉ። ምን እንደሚዘራበት፣ ለምን እንደሆነ፣ ማን እንደነገራቸው ያስረዳሉ። ከጎኔ ያ አበል የተከለከሉት አዛውንት ተቀምጠው ይጠይቃሉ። አሁን ይከፈላቸዋል፤ ግማሹን ነጥብም የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። ባለፈው አንዱን ልጅ እኔ ልቀበለው ስል «ቆይ» አሉና አፈሩን በውኃ አርሰው በጣታቸው አሹት። «ልጄ፣ ይሄ ዋልካ አይደለም። ሂድና አባትህን ጠይቅ» አሉት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ደወለ።