በጥጥ ጨርቅ ላይ ባክቴሪያ የሚከላከል የብር ሽፋን አሠራር

ጥሬ ጥጥ ሰም ስላለው ውሃ አያስገባም። በ1 ሊትር ውሃ 2 ግራም ሶዲየም ካርቦኔትና ጥቂት ሳሙና ጨምራችሁ 1 ሰዓት ቀቅሉት። የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ወዲያው ከመጠጠ ደርሷል።

ከዚህ በኋላ ማለቅለቂያውም መበጥበጫውም ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለው ብሩን ይዞ ነጭ ደመና ይሠራል፤ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

0.17 ግራም ሲልቨር ናይትሬት (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብር ጨው) በ1 ሊትር አሟሙ፤ ለ2 ግራም ጨርቅ 100 ሚሊሊትር ይበቃል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ የነካው ጠብታ ቆይቶ ይጠቁራል፣ ለቀናትም አይለቅም። ጨርቁን 30 ደቂቃ ነክራችሁ፣ የሟሟውን ብር ወደ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች የሚቀይረውን 1 በመቶ የሶዲየም ሲትሬት ብጥብጥ 5 ሚሊሊትር ጨምሩና እያማሰላችሁ 90 ዲግሪ ላይ አቆዩት።

ወደ ቢጫ ሲያደላ ብሩ እየያዘ ነው። ግራጫ ከሆነ ቅንጣቶቹ ተጓጉለዋል፤ ያ ጨርቅ አይረባም፣ የናይትሬቱን መጠን ቀንሱና በአዲስ ጨርቅ ጀምሩ። አለቅልቃችሁ በ80 ዲግሪ አድርቁት። በረኪና አታስነኩት።

የተረፈውን ፈሳሽ አትድፉ፤ የገበታ ጨው ጨምሩበትና የዘቀጠውን ብር አጥልላችሁ ለዩ። አሞኒያ ግን በፍጹም አይጠጋው፤ ሲቆይ የሚፈነዳ ውህድ ይፈጥራል።