ለሼቭሮሌት 350 ቪ8 ካርቡራተር ስትመርጡ

ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ትልቅ ከሆነ የሞተሩ ጉልበትም ይጨምራል የሚለው እምነት ብዙ ሞተር አበላሽቷል። ከልክ በላይ ሲሰፋ የሚያልፈው አየር ይዘገያል፤ ቤንዚኑን በደንብ ስቦ አይበትነውም። መኪናው ሲነሳ ይንተፋተፋል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አስሉ። የሞተሩን መጠን በኪዩቢክ ኢንች፣ በደቂቃ ከሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ጋር አባዙና ለ3456 አካፍሉ። 350 ኪዩቢክ ኢንች የሆነው ይህ ሞተር በ5500 ዙር ሲሰላ በደቂቃ 557 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይሰጣል። ይህ ግን ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ቢሞሉ ነው። ተራ የመንገድ ሞተር 85 በመቶ ያህል ስለሚሞላ፣ በደቂቃ 473 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይበቃዋል። የሆሊ ኩባንያ 600 (በደቂቃ 600 ኪዩቢክ ጫማ አየር የሚያሳልፈው) ከበቂ በላይ ነው፤ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላልተቀየረ ሞተር 750 መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው ከባድ መኪና፣ የኋላዎቹ ሁለት ጉሮሮዎች (የአየር መተላለፊያዎች) በቫኩም፣ ማለትም በሞተሩ የመሳብ ኃይል የሚከፈቱለትን ምረጡ፤ ሞተሩ በሚፈልገው ልክ ይከፈታሉ። በሜካኒካል፣ ማለትም ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር ተያይዞ የሚከፈተው ለቀላልና በእጅ ማርሽ ለሚነዳ መኪና ይሁን።

ከመግዛታችሁ በፊት የማኒፎልዱን (ካርቡራተሩ የሚታሰርበትን ክፍል) የብሎን ቀዳዳዎች ከካርቡራተሩ ጋር አመሳክሩ። የቤንዚን ግፊቱ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ይሁን፤ ካለፈ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ መዝጋት ያቅተውና ቤንዚን ይፈሳል።

አዲስ አበባ ለምትነዱ፦ ከ2300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል። በየ600 ሜትሩ ጄቱን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር አሳንሱ፤ ሦስት ወይም አራት ቁጥር መሆኑ ነው። ሚኒሞውን የምታስተካክሉት ከዚያ በኋላ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ነው።