የልጆቻችሁን ጥርስ ሳታሳዩ አውሮፕላን አትሳፈሩ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት 14 ዓመት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሬያለሁ። ሰፈሩ ይህን ካወቀ ወዲህ፣ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቡና ሲፈላ ብቅ ይላል። ጥያቄው ያው ነው። ስንት ሻንጣ ይፈቀዳል? በርበሬና ሽሮ ያስገባሉ? ጃኬት ከዚህ ልግዛ ወይስ ከዚያ? ስለ ልጆቹ ጥርስ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ከሄዱ ሦስት ወር የሆናቸው ጎረቤቶቻችን ደወሉ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ጉንጩ አብጦ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ድንገተኛ ክፍል ወስደውታል። እዚያ የማስታገሻና የአንቲባዮቲክ ትእዛዝ ጽፈው "የጥርስ ሐኪም አሳዩት" ብለው ሸኟቸው። ጥርሱ አልተነቀለም። ቢሉ ግን መጣ። ልጁ እዚህ እያለም ያመው ነበር። እናቱ "እዚያ ስንደርስ በደንብ ይታከማል" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስልኩን ስናወራ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ አጠገቤ ነበረች። በሁለት ወር ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትሄዳለች። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ እዚሁ አሳዩ። ለቪዛ የተደረገው የሕክምና ምርመራ ስለ ጥርስ ምንም አይነግራችሁም። ቀዳዳ ካለ እዚሁ ይሞላ፣ መነቀል ያለበት እዚሁ ይነቀል። በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ አንዳንዱ ጥርስ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል። ራጁን ተቀብላችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙት።

"የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቃል" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይህን አባባል ብንተወው ደስ ይለኛል። የፊቶቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ይወልቃሉ፣ እውነት ነው። የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። የአምስት ዓመት ልጅ በተበላ መንጋጋ ስድስት ዓመት እንዲያኝክ መተው ጭካኔ ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎኑ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብሉና ቋሚው ጥርስ ቦታ ያጣል። በስድስት ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ የወተት አይደለም፣ ቋሚ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ስለማያውቅ እሱም ሲበላ ዝም ብሎ ያያል።

ልጆቻችሁ ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ዝዋይ አካባቢ ካደጉ ለሐኪሙ ንገሩት። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። የዚያ አገር ሐኪም ይህን ብዙም ስለማያየው እናንተ ብትነግሩት ይሻላል።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። አሜሪካ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስና የጥርስ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርዳቸውም ይለያያል። "ኢንሹራንስ አለን" ብላችሁ የጤናውን ካርድ የጥርስ ክሊኒክ ይዛችሁ ብትሄዱ ላይሠራ ይችላል።

ለልጆች መጀመሪያ የሚሞከረው ሜዲኬይድ ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን ማለት ነው። ገቢያችሁ ለሜዲኬይድ ትንሽ ከፍ ካለ ቺፕ የሚባል የልጆች የመንግሥት ኢንሹራንስ አለ። በሜዲኬይድ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ የጥርስ ሕክምና በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ለልጆች ግን ብዙ ስቴቶች፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ይህን ጥበቃ አንስተውታል። ሰው "አምስት ዓመት ጠብቁ" ስላላችሁ ብቻ ሳታመለክቱ እንዳትቀሩ። ያ ለእናንተ እንጂ ለልጆቹ ላይሆን ይችላል። ሜዲኬይድ የሚቀበል ሐኪም ደግሞ ለተሸፈነ ሕክምና የቀረውን ልዩነት ከእናንተ መጠየቅ አይችልም።

ሥራ ስትይዙ መሥሪያ ቤቱ የጥርስ ፕላን ሊሰጣችሁ ይችላል። መመዝገቢያው ብዙ ጊዜ ከተቀጠራችሁበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ገደማ ነው። ካለፈ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው። ከመሥሪያ ቤት ካላገኛችሁ ማርኬትፕሌስ ከሚባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ መሸጫ መግዛት ይቻላል፤ አዲስ ለገባ ሰው የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። በግል የሚገዛ ፕላን ግን ለትልልቅ ሥራዎች ስድስት ወር ወይም ዓመት ሊያስጠብቅ ስለሚችል ጥርሱ ከታመመ በኋላ መግዛት ብዙም አያድንም።

አብዛኛው የግል ፕላን የሚሠራው እንዲህ ነው። ምርመራና ማጽዳት ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። መሙላትን የመሰለው 80 በመቶ፣ ክዳንን የመሰለው 50 በመቶ ይሸፈናል። ዲዳክቲብል የሚባለው በዓመት መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምታወጡት ነው፤ ለአንድ ሰው 50 ዶላር አካባቢ የተለመደ ነው። ጣሪያም አለው። ብዙ ፕላን በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ከፍሎ ያቆማል። የጤና ኢንሹራንስ ጣሪያ እናንተ የምትከፍሉትን ስለሚገድብ እናንተን ይጠብቃል፣ የጥርስ ጣሪያ ግን ኩባንያው የሚከፍለውን ስለሚገድብ ኩባንያውን ነው የሚጠብቀው። ይህን ልዩነት ያዙ።

አሁን እኔ የወደቅሁበትን ልንገራችሁ። ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፣ የጥርስ ካርዴ ገና መምጣቱ ነው። ቤታችን አጠገብ ያለ የልጆች ጥርስ ክሊኒክ ደወልኩና "ይህን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ?" አልኩ። "አዎ፣ እንቀበላለን" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ቦታው ያምራል፣ ሐኪሟ ደግ ናት፣ ልጄም ወደዳት። ሁለት ጥርስ ተሞላ፣ ሁለት የብረት ክዳን ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ኢንሹራንሱ ያልከፈለውን እኔ እከፍላለሁ ይላል። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ 1,176 ዶላር ክፈሉ የሚል ደብዳቤ መጣ። ስህተት ነው ብዬ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሠራተኛ መለሰችልኝ። "ኢንሹራንስሽን እንቀበላለን፣ ኔትወርኩ ውስጥ ግን አይደለንም" አለችኝ። ኔትወርክ ማለት ከኢንሹራንሱ ጋር በዋጋ የተስማሙ ሐኪሞች ዝርዝር ነው። እነሱ ዘንድ "እንቀበላለን" ማለት "ፎርሙን እንልክልሻለን" ማለት ብቻ ነው። ልዩነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በወር 98 ዶላር እያልኩ ዓመት ሙሉ ከፈልኩ።

ሂሳቡን በምሳሌ እዩት። ዲዳክቲብሉ አስቀድሞ ተከፍሏል፣ ክሊኒኩም ለአንድ መሙላት 300 ዶላር ይጠይቃል እንበል። ኢንሹራንሱ "ዋጋው 180 ነው" ይላል። 80 በመቶው 144 ዶላር ነው። ሐኪሙ ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ በ180 ተስማምቷል፤ እናንተ 36 ዶላር ትከፍላላችሁ። ከኔትወርክ ውጪ ከሆነ 300ውን ስለሚፈልግ 156 ዶላር ከእናንተ ይወጣል። ያው ጥርስ፣ ያው ካርድ።

ስለዚህ "ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ከዚህ ፕላን ጋር ኢን ኔትወርክ ናችሁ?" በሉ፤ የፕላኑን ስምና ካርዱ ላይ ያለውን የግሩፕ ቁጥር አንብቡላቸው። ከዚያ ስልኩን ዘግታችሁ ኢንሹራንሱ ራሱ ጋ ደውሉና የሐኪሙን ስም ጠይቁ፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንዱ ሐኪም በኔትወርኩ ኖሮ ሌላው ላይኖር ይችላል። ማን እንዳነጋገራችሁና ቀኑን ጻፉ። ከማጽዳት ያለፈ ሥራ ካለ ደግሞ "ለኢንሹራንሱ አስቀድማችሁ ላኩና ስንት እንደሚከፍል በጽሑፍ ያሳውቁኝ" በሉ። ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ልጁ እያለቀሰ ካልሆነ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። "አፍሬ ዝም አልኩ" የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። የምታፍሩበት ምንም ምክንያት የለም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። አንዳንድ ፕላን ማጽዳትን በስድስት ወር አንዴ ብቻ ይከፍላል፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ብትሄዱ ሊከለክል ስለሚችል ቀጠሮውን ከስድስት ወር ትንሽ አሳልፉት። ሌላው የስማችን ጉዳይ ነው። የአባት፣ የእናትና የልጅ መጨረሻ ስም ስለሚለያይ ኮምፒውተሩ ቤተሰብ መሆናችሁን አያውቅም። የልደት የምስክር ወረቀቱን አስተርጉማችሁ ያዙ። በሁሉም ቦታ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ብቻ አስጽፉ።

የሚመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ ክፈቱ። "ይህ ቢል አይደለም" የሚል ከሆነ አትክፈሉ፣ ግን አስቀምጡት። ሜዲኬይድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ቤት ስትቀይሩ አድራሻ ካላስታወቃችሁ የእድሳቱ ደብዳቤ ድሮ ቤታችሁ ይሄድና ሽፋኑ ይቋረጣል። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይኖር የነበረ ዲያሞንቴ ድራይቨር የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በየካቲት 2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተ። የጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ሄዶ ነው። የቤተሰቡ ሜዲኬይድ ተቋርጦ ነበር። ጥርሱን ለመንቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር ተብሎ ያኔ ብዙ ተጽፏል። ልጅን ከሐኪም ለይቶ ፎርም ላይ የሚያንጠለጥል አሠራር ያስቆጣኛል። ቁጣዬ ግን ፎርሙን አይሞላላችሁም።

ክሊኒክ ስትሄዱ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በሜዲኬይድ በነጻ ነው። እንግሊዝኛ ቶሎ የለመደው ልጅ ስለራሱ ጥርስ አያስተርጉም። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤትና ዋሽንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች እጅ በመምህር ቁጥጥር ስለሚያክሙ ዋጋቸው ይቀንሳል። ደግሞ "ካልተኛህ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል" እያላችሁ ያሳደጋችሁት ልጅ እዚያ ወንበር ላይ አፉን አይከፍትም። ይህን ማስፈራሪያ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ረቡዕ ሁለቱንም ልጆች መገናኛ ወስዳ አሳየቻቸው። ትልቋ ሦስት ቀዳዳ ተገኘባት። ሁለቱ ተሞሉ፣ ሦስተኛው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል። ራጁን ፓስፖርቶቹ ባሉበት ፌስታል ውስጥ አስቀምጣዋለች።