ሲከፈት ቀጥ የሚል አሮጌ ኮምፒውተር

ጠረጴዛዬ ሥር ያለው ኮምፒውተር ከተሠራ 15 ዓመት አልፎታል። አንድ ሰሞን ስከፍተው ብዙውን ጊዜ የአምራቹ አርማ ላይ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ። ችኩል ነኝና ዊንዶውስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በመሐል ሲነሣልኝ እየተሻለው መስሎኝ። ለካ በሽታው ዊንዶውስ ዘንድ አልነበረም። አርማው ላይ የሚደርቅ አሮጌ ኮምፒውተር ገና ራሱን እየፈተሸ ነው፤ ወደ ዊንዶውስ አልደረሰም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት የት ላይ እንደሚቆም እዩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱትና የቆመበትን ቦታ በወረቀት ጻፉ። መቆሙንም አረጋግጡ፤ ያረጀ ማሽን ሞተ ሲሉት እያዘገመ ሊሆን ይችላል። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ስትጫኑ መብራቱ በርቶ ከጠፋ ነፍስ አለውና ታገሡት። ከውስጡ ግን በየተራ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሙከራውን ተዉት፤ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል በከፈታችሁት ቁጥር ፋይላችሁን እያስበላችሁ ነው።

አርማው ላይ ከቆመ ከስክሪኑ፣ ከኪቦርዱና ከኤሌክትሪክ ገመዱ በቀር የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ፕሪንተርም፣ ፍላሽም፣ ተሰክቶ የተረሳ የካሜራ ገመድም ይነቀል። እንዲህ አድርጋችሁ ከተነሣ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ጥፋተኛውን ያዙ። ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚገኘው የማሽኑ ቅንብር ገጽ፣ መግባት ከቻላችሁ (ብዙውን ጊዜ ሲነሣ ዲሊትን ወይም ኤፍ2ን በመጫን ነው) ቀኑን ተመልከቱ። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። እሷን መቀየር ቀላል ነው፤ የሚያታልለው ሌላ ነገር ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ባዮስ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ቅንብር ሊመለስ ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚባለው ወደ አሮጌው አይዲኢ ከተቀየረ ዊንዶውስ መነሣት ይጀምርና ይሰናከላል፤ እናንተም ዲስኩ ተበላሸ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ቀድሞ ወደነበረበት መልሱት።

አሁን ክዳኑን እንክፈት። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያም የሳጥኑን ብረት ነክታችሁ በሰውነታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል አስወግዱ። ራሞቹን፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የተሰኩትን ቀጫጭን የማስታወሻ ካርዶች፣ አውጡ። ከሥራቸው የተደረደሩትን ወርቃማ ጥርሶች ወደ ብርሃን ስታዘነብሏቸው ደብዝዘው ካያችኋቸው ለስላሳ ላጲስ ውሰዱና ሳትጫኑ በአንድ አቅጣጫ ጥረጓቸው። የእኔን ስጠርግ የላጲሱ ፍርፋሪ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ፍርፋሪውን ከማዘርቦርዱ ርቃችሁ በብሩሽ አራግፉት፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ አይጠቅመውም። ከዚያ አንዱን ራም ብቻ መልሳችሁ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ ቀጥሎም ራሙን በሌላው ቀዳዳ ሰክታችሁ ሞክሩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ችግሩ ከራሙ ይሁን ከቀዳዳው የምታውቁት በዚህ መንገድ ነው።

ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች እዩ። አናታቸው ዝርግ መሆን አለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካንጠባጠበ የማዘርቦርዱ ዕድሜ እያለቀ ነው። ጠዋት እንቢ ብሎ ጥቂት ሲሞቅ የሚነሣ ማሽን ብዙውን ጊዜ በዚህ ወይም በደከመ ፓወር ሰፕላይ (ከግድግዳው የመጣውን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ በሚያድለው ሳጥን) ይታማል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ፈጽሞ አትፍቱት፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መሞከር ከፈለጋችሁ ደህና የሆነ ሌላ ተክታችሁ ነው።

አርማውን አልፎ የዊንዶውስ ምልክት ላይ ከደረቀ ነገሩ ሌላ ነው። በዊንዶውስ 7 ሲነሣ ኤፍ8ን ደጋግማችሁ ጫኑና ሴፍ ሞድን (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊዎቹን ነገሮች ብቻ ይዞ የሚነሣበትን መንገድ) ምረጡ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ሊነሣ ሲል በማብሪያው ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ብታቋርጡት የጥገናው ገጽ ራሱ ይመጣል። በሴፍ ሞድ ከተከፈተ በቅርቡ የጫናችሁትን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አንሡ። በሴፍ ሞድም ከቆመ፣ የዲስኩም መብራት ሳይርገበገብ በርቶ ከቀረ፣ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ በሌላ ለውጡ። ካልሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይላችሁን ቅዱ። ዲስክ የሚፈትሽና የሚጠግን ትእዛዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የደከመ ዲስክን ለሰዓታት ማስሮጥ የቀረውን ሊጨርሰው ይችላል።

የእኔው ጥፋተኛ ሁለተኛው የራም ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ላጲሱ ራሞቹን አጸዳ እንጂ ቀዳዳውን አላዳነውም። አሁን በአንድ ራም ይሠራል፤ እየተጎተተም ቢሆን ይነሣል። በቀዳዳው ላይ ማንም እንዳይሰካበት ወረቀት ለጥፌበታለሁ።