የቫይታሚን ሲ ሴረም ሲመርጡ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነገሮች

በሴረም፣ ማለትም በቀጭን ፈሳሽ መልክ ፊት ላይ የሚቀባ ቫይታሚን ሲ በሚገባ ተዘጋጅቶ ወደ ቆዳ ሲዘልቅ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን እንዲመረት ያግዛል፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚያመርተውን ኢንዛይም በማዳከምም ብጉር ትቶት የሚሄደውን ጥቁር ምልክት ቀስ በቀስ ያደበዝዛል፤ የፀሐይ ጨረር በቆዳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ይኸው ንጥረ ነገር አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ፈጥኖ ስለሚበላሽ፣ ገዢው ከሁሉ በፊት ማረጋገጥ ያለበት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን አሁንም የሚሠራ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ በጠርሙሱ ጀርባ የተጻፈውን የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ያንብቡ። በጥናት በይበልጥ የተደገፈው የቫይታሚን ሲ ዓይነት ኤል አስኮርቢክ አሲድ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ከብዙ ወደ ጥቂት ስለሚሄድ ይህ ስም ከመጀመሪያዎቹ መካከል መገኘት አለበት፤ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ከተገኘ ግን መጠኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተስማሚው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ቆዳን ከመቆጥቆጥ በቀር ወደ ውስጥ የሚገባው አይጨምርም፤ በመሆኑም 30 በመቶ የሚል ጽሑፍ ሊያማልልዎት አይገባም። ለጀማሪ 10 በመቶ ይበቃል። በተጨማሪም ይህ አሲድ ወደ ቆዳ የሚዘልቀው የፒኤች መጠኑ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ መጨመሩን የሚያሳየው መለኪያ) ከ3.5 በታች ሲሆን ነው፤ አምራቹ ይህን ቁጥር በግልጽ ካሰፈረ፣ በእኔ እምነት፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ቆዳዎ በቀላሉ የሚቆጣ ወይም በጣም ደረቅ ከሆነ እንደ ማግኒዥየም አስኮርቢል ፎስፌት ያሉ ለዘብ ያሉ ዓይነቶችን ይምረጡ፤ ብጉር ለሚያስቸግረው ደግሞ ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት ይመረጣል። እነዚህ ቶሎ አይበላሹም፤ የጥቅማቸው ማስረጃ ግን እንደ ኤል አስኮርቢክ አሲድ የጠነከረ አይደለም። ቫይታሚን ኢ እና ፌሩሊክ አሲድ አብረው የተጨመሩበትን ሴረም ካገኙ ያንን ያስቀድሙ፤ ቫይታሚን ሲው እንዳይበላሽ ከማገዛቸውም በላይ የመከላከል አቅሙን ያጎለብታሉ።

ማሸጊያው ከይዘቱ ባልተናነሰ ሊታይ ይገባዋል። ብርሃን የማያሳልፍ ጠርሙስ፣ በተለይም አየር የማያስገባ ፓምፕ ያለው ጥሩ ነው፤ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ የቀረበ ክሬም ግን በተከፈተ ቁጥር አየር ያገኘዋል። ትልቅ ጠርሙስ ዋጋው የሚያዋጣ ቢመስልም ሳያልቅ ስለሚበላሽ፣ በሁለት ወይም በሦስት ወር የሚጨርሱትን ትንሹን እንዲገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ጠርሙሱን የከፈቱ ዕለት አንድ ጠብታ በነጭ ጥጥ ላይ አድርገው ቀለሙን ያስተውሉ። አንዳንዱ ሴረም ገና ከጅምሩ ፈዛዛ ቢጫ ስለሆነ ይህ ብቻውን አያስጋም፤ በኋላ ግን ወደ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ከተለወጠ ተበላሽቷልና ይጣል።

አዲሱን ምርት ፊትዎን ከመቀባትዎ በፊት ከክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብተው ለ48 ሰዓት ይጠብቁ፤ ካላሳከከዎትና ካልቀላ በየሁለት ቀኑ ይጀምሩ። ጠዋት ፊትዎን ታጥበው ካደረቁ በኋላ ሦስት ወይም አራት ጠብታ ይቀቡ፤ ከዚያም ማለስለሻ ቅባት፣ በመጨረሻም ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ያስከትሉ። ቫይታሚን ሲ የፀሐይ መከላከያን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሎሚ ጨምቆ ፊትን መቀባትም ቫይታሚን ሲ እንደ መቀባት አይቆጠርም፤ የሎሚ ጭማቂ ቆዳን ያቃጥላል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም የባሰ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ለውጡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያለማቋረጥ ከተጠቀሙ በኋላ ነው። ማዲያት ከሆነ ግን ሴረም ብቻውን እምብዛም ስለማይበቃው፣ ሌላ ጠርሙስ ከመግዛትዎ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።