የተንቀሳቃሽ ባርቤኪው ኬተሪንግ ሥራ እንዴት ይጀመራል?

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚያስበው ለጓደኞቹ ጠብሶ ሲመሰገን ነው። ቅመሙን ያውቃል፣ እሳቱን ይወዳል፣ እጁ ይጣፍጣል። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ለ10 ሰው መጥበስና ለ80 ሰው በተባለው ሰዓት ማድረስ በጣም ይለያያሉ። ሁለተኛው የሚሳካው በስሌት ነው፤ በቦታ፣ በክብደትና በሰዓት ስሌት። ቅመሙ ላይ ከመራቀቃችሁ በፊት ለዚህ ጊዜ ስጡት።

ከፍርግርጉ ጀምሩ

ስንት ሰው ማስተናገድ እንደምትችሉ የሚወስነው የግሪላችሁ ስፋት ነው። ፍርግርጉ 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ፍሙን ከሥሩ በሙሉ አትበትኑትም። በአንድ በኩል ትከምሩትና ሌላውን ግማሽ ባዶ ትተዉታላችሁ። ሥጋው መጀመሪያ ፍሙ ላይ ላዩ ይጠበሳል፣ ከዚያ ወደ ባዶው በኩል ዞሮ ውስጡ ቀስ ብሎ ይበስላል። ስብ ተንጠባጥቦ ነበልባል ሲነሳም መሸሻ ይኖረዋል።

ስለዚህ በአንድ ዙር የሚቆጠርላችሁ ግማሹ፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አጥንት ያለው አንድ የዶሮ ጭን 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢይዝ፣ አንድ ዙር 20 ጭን ይሆናል። አንዱ ዙር 40 ደቂቃ ከወሰደ፣ ለ80 ሰው አንዳንድ ጭን ለማድረስ 4 ዙር ያስፈልጋል። ያም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው።

ይህን በራሳችሁ ግሪል ቤት ሞክሩት። ሰዓት ይዛችሁ ጥበሱ፤ የሚወጣውን ቁጥርም እመኑት። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች የ30 እና የ40 ሰው ቢሆኑ ምንም ነውር የለውም። ሁለተኛው ግሪል የሚገዛው ሥራው ሲጠይቅ ነው።

ሜኑው ይጠር

ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ አንድ የአትክልት ጥብስ፣ ሁለት ቀዝቃዛ ማጀቢያ፣ ዳቦና ሶስ። ለጀማሪ ይበቃል። ሥጋ የማይበላ እንግዳ በብዙ ዝግጅት ላይ አለ። የእሱን ምግብ የሥጋ ስብ በነካው ፍርግርግና መቆንጠጫ አትሥሩ። አለርጂ ያለበት ሰው መኖሩንም ደንበኛውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፍርምባን ለጊዜው ብትተዉት እመክራለሁ። በ110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲበስል ትልቁ ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጠንካራው ጅማት በደንብ የሚላላው ውስጡ 90 ዲግሪን ሲያልፍ ነው። መሃል ላይ፣ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ ለሰዓታት አልጨምር ይላል። ከሥጋው የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው ስለሆነ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይደናገጥና እሳት ይጨምራል፣ ሥጋውም ይደርቃል። ቤት ደጋግማችሁ ከሠራችሁት በኋላ ሜኑ ውስጥ ይግባ።

ጥሬውን አስሉ

ለአንድ አዋቂ ከ150 እስከ 200 ግራም የበሰለ ሥጋ ይያዝ። የምትገዙት ግን ጥሬውን ነው፤ ጥሬ ደግሞ እሳት ላይ ይቀንሳል። አጥንት የሌለው ዶሮ ሩብ ያህል ክብደቱን ያጣል። ፍርምባ ስቡ ተገፎና ውሃው ወጥቶ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ለ50 ሰው 150 ግራም ፍርምባ ማቅረብ ማለት 7.5 ኪሎ የበሰለ፣ 15 ኪሎ ገደማ ጥሬ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ዋጋውን በበሰለው ያወጣል፣ ግዢውን በጥሬው ይከፍላል።

ዋጋ ስታወጡ የምግቡ ጥሬ ዕቃ ከምታስከፍሉት ሲሶ እንዳይበልጥ ሞክሩ። የቀረው ለከሰል፣ ለነዳጅ፣ ለረዳት፣ ለሳህንና ለጓንት፣ ለኢንሹራንስ፣ ከዚያም ለእናንተ ድካም ነው። ድግሱ 3 ሰዓት ቢሆንም ግዢው፣ ዝግጅቱና እጥበቱ ሙሉ ቀን ይበላሉ። ያን ቀን በነፃ አትስጡት።

ወረቀቱ

የሚያስፈልገው ፈቃድ እንደየአገሩ ይለያያል። በአካባቢያችሁ ያለውን የጤናና የንግድ ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በፓርክ ወይም በሕዝብ ቦታ እሳት ለማንደድ ሌላ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ከደንበኛ ጋር ደግሞ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን፤ የእንግዳው ብዛት፣ የሚቀርብበት ሰዓት፣ ዝናብ ከመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ቢሰረዝ ምን ያህል እንደሚመለስ። የመጨረሻውን ቁጥር ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያሳውቋችሁ። ሥጋ የሚገዛው በቀብድ ነው፤ ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ።

ምን ይገዛ

ትልቅ ተጎታች ለመግዛት አትቸኩሉ። በመኪና የሚጫን ጠንካራ ግሪል፣ ጥሩ አይስ ቦክሶች፣ ምግቡን ሙቅ አድርጎ የሚያቆይ ክዳን ያለው ዕቃ፣ የሚታጠፉ ጠረጴዛዎች፣ ሁለት ሦስት መቆንጠጫዎች። ለጥሬና ለበሰለ የተለያየ መክተፊያ። ቧንቧ ያለው የውሃ ጀሪካን ከሳሙና ጋር፤ ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። የሽቦ ብሩሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍርግርጉን በኋላ በጨርቅ ጥረጉት፤ የተነቀለ ሽቦ ምግብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። በመልኩ አይቶ መፍረድ ለሕዝብ ምግብ አይሆንም። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ፣ የተፈጨ ሥጋ 71፣ ሙሉ የበሬ ቁራጭ 63 ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ቴርሞሜትሩን በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ ክተቱት። 0 ካላሳየ አስተካክሉት ወይም ቀይሩት።

በዕለቱ

ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ምግቡ በ7 ሰዓት ይቅረብ ከተባለና ጥብሱ 2 ሰዓት ከ40 ከወሰደ፣ የመጀመሪያው ሥጋ ከ4 ሰዓት ከ20 በፊት ፍርግርጉ ላይ መሆን አለበት። ከሰሉ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ግሪሉን ለማውረድና ለመትከል አንድ ሰዓት፣ ለመንገድና ለድንገተኛ ነገር ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ነፋስ ካለ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል፤ ትርፍ ከሰል ሳትይዙ አትውጡ።

ግሪሉ ከድንኳንና ከደረቅ ሣር ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱም ወደ እንግዳው እንዳይነፍስ አቅጣጫውን እዩ። ዝናብ ቢመጣ እንኳ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። የስብ እሳት ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ክዳኑን ዝጉና አየር ከልክሉት። እሳት ማጥፊያው እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ጥሬ ሥጋ እስኪጠበስ ከ5 ዲግሪ በታች፣ የበሰለው እስኪበላ ከ60 በላይ ይቆይ። በመሃል ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ መራቢያ ይመቻል። ከ2 ሰዓት በላይ እንዲሁ የተቀመጠ ምግብ ይጣላል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ የቆየው። ደንበኛው ጠቅልሎ ሊወስደው ቢለምናችሁም እሺ አትበሉ።

ሲያልቅ

ያጠፋችሁት የመሰላችሁ ፍም በአመድ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። አመዱን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ብቻ ያዙ፤ የጋለ ግሪልም በተዘጋ መኪና ውስጥ አትጫኑ። ቤት ስትደርሱ ከመተኛታችሁ በፊት ደብተር ላይ ጻፉ፤ ስንት ኪሎ ጥሬ ተገዛ፣ ስንት ተረፈ፣ የትኛው ሳህን ቶሎ አለቀ፣ ስንት ከረጢት ከሰል ነደደ። ቀጣዩ ደንበኛ ደውሎ ለ60 ሰው ስንት ትላላችሁ ሲላችሁ፣ ይህን ደብተር ከፍታችሁ ዋጋውን ንገሩት።